ልጆቹ ፊልማቸውን ይዩ፣ መኪናውም ጠዋት ይነሳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 12፣ መካከለኛዋ 9፣ ትንሹ 5 ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ ላንጋኖ ሄደን ሦስት ሌሊት ልናድር አስበናል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አልጋና ትንሽ ማድቤት ያሠራለት ኮስተር አለው፤ እሱን አውሶናል። ያስጨነቀኝ የልጆቹ ዕቃ ነው። ሁለት ታብሌትና አንድ 24 ኢንች ቴሌቪዥን ይዘናል። ትልቁ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 4ቱን ካልያዝኩ አልሄድም ብሏል። ወንድምየው «መኪናው ሁለት ትልልቅ ባትሪ አለው፣ ምን ያሳስባችኋል?» ይላል። ባለቤቴ ጄኔሬተር እንጫን ባይ ነው። አምና በራሳችን መኪና ሄደን፣ ቆመን ልጆቹ ሙዚቃ ሲሰሙ ባትሪው አልቆ፣ መንገደኛ ለምነን ነው የተነሳነው። ዘንድሮ በሌሊትና በዝናብ እንዲህ እንዳይገጥመኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ወንድምየውም አልዋሸም፤ ኮስተሩ ትልልቅ ባትሪዎች አሉት። ግን እነዚያ ባትሪዎች የተሠሩት ሞተር ለማስነሳት ነው። ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ በከፍተኛ ጉልበት ያዞሩታል፤ ከዚያ ዲናሞው መልሶ ይሞላቸዋል። ለሰዓታት ቀስ እያሉ ሲሰጡ ማደር ሥራቸው አይደለም። ደጋግመው እስከ መጨረሻው ከተሟጠጡ ቶሎ ይሞታሉ። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፦ የልጆቹን መዝናኛ ከመኪናው ማስነሻ ባትሪ ፈጽመሽ ለዪው። የራሱ ባትሪ ይኑረው። ያ ባትሪ ማታ ቢያልቅ የሚጠፋው ፊልሙ ብቻ ነው። ጠዋት መኪናው ይነሳል።

አሁን ወንድምየውን አንድ ነገር ጠይቂው። መኪናው 12 ቮልት ነው ወይስ 24? ብዙ የናፍጣ ኮስተሮች 24 ቮልት ናቸው። «ሁለት ትልልቅ ባትሪ» ማለቱም ወደዚያ ይጠቁመኛል፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተርታ ሲገናኙ 24 ይሰጣሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለቤት መኪና የተሠራ ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት ሶኬት 220 ቮልት የሚያደርገው ዕቃ) 24 ላይ ቢያያዝ ሊቃጠል ይችላል። በሲጋራ መለኮሻው የሚሰኩት የስልክ ቻርጀሮች ግን ብዙዎቹ ከ12 እስከ 24 ቮልት ይቀበላሉ። ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢ፤ «ኢንፑት» ከሚለው ጎን 12–24 ካለ ችግር የለውም። 12 ብቻ ካለ አትሰኪው።

ከዚሁ ጋር አንድ ልማድ አለ፣ ብዙ ባትሪ ያበላሸ። ኤሌክትሪሻኑ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ላይ ብቻ 12 ቮልት ይስብና «ይኸው አለቀ» ይላል። እሺ እንዳትዪ። የተሳበበት ባትሪ ይጎድላል፣ ሌላው እንደሞላ ይቀራል። ዲናሞው ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚሞላቸው። ስለዚህ አንዱ ሁልጊዜ ሳይሞላ፣ ሌላው ሁልጊዜ ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ይበላሻሉ። 12 ቮልት የግድ ካስፈለገ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር አለ፤ እሱ ከሁለቱም እኩል ይስባል። ደግሞም አስቢው፤ 24 ቮልት መኪና ባትሪው ካለቀ ላንጋኖ ዳር የቆመ የቤት መኪና በኬብል ሊያስነሳው አይችልም። 24 ቮልት ያለው የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ መፈለግ ነው። አምና የረዳሽ መንገደኛ ዘንድሮ ቢቆምልሽም ላይረዳሽ ይችላል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። ዕቃው የሚፈልገውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ታበዢዋለሽ፤ የምታገኚው ዋት-ሰዓት ይባላል። የባትሪም መጠን በዚሁ ይለካል። የ10 ኢንች ታብሌት ባትሪ ወደ 30 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክን አለና 40 በዪው። ሁለት ታብሌት፣ እያንዳንዱ በቀን ሁለቴ ቢሞላ 160 ነው። ባለ 24 ኢንች ቴሌቪዥን 30 ዋት አካባቢ ይበላል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ቢከፈት 60። የአንቺና የባለቤትሽ ስልክ 40። ድምሩ 260 ነው። ይህን ይዘሽ ፕሌይስቴሽኑን እዪው። ጨዋታ ላይ እንደ ሞዴሉ ከ80 እስከ 150 ዋት ይፈልጋል፤ 100 እንበል። ቴሌቪዥኑ ሲጨመር 130። በኢንቨርተር ስለሚያልፍ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ይባክናል። ሁለት ሰዓት ጨዋታ 300 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል። አምስታችሁ ቀኑን ሙሉ ከተጠቀማችሁት ይበልጣል ማለት ነው።

እኔ ብሆን ፕሌይስቴሽኑ ቤት ይቀራል እላለሁ፣ አልደራደርም። ልጁን ግን በባዶው «አይሆንም» አትበዪው። የ12 ዓመት ልጅ ማባዛትና መደመር ይችላል። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪውና ይህንኑ ሂሳብ ራሱ ይሥራው። ከዚያ የጉዞውን የመብራት ኃላፊነት ለእሱ ስጪው። ስንት ፐርሰንት እንደቀረ እሱ ይይ፣ ማን መቼ ቻርጅ እንደሚያደርግ እሱ ይወስን። እህትና ወንድሙን ሲቆጣጠር ፕሌይስቴሽኑን ይረሳዋል። ልጅን አውቃለሁ፤ ኃላፊነት ያልተሰጠው ነው የሚያኮርፈው።

ባትሪው ምን ዓይነት ይሁን? መኪናው የውሰት ነው። የሰው መኪና ላይ ሽቦ መቁረጥ፣ ቀዳዳ መብሳት፣ ከፊውዝ ሳጥን ላይ መቀጠል አይገባም። ወንድምየው ባይቆጣ እንኳ ነገ አንድ ነገር ሲበላሽ «እነሱ ከወሰዱት በኋላ ነው» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ የምመርጥልሽ ፓወር ስቴሽን የሚባለውን፣ ባትሪውም ኢንቨርተሩም ዩኤስቢውም አንድ ሳጥን ውስጥ ያለውን ነው። 500 ዋት-ሰዓት የሚለው ለእናንተ ይበቃል። ከተጻፈው ውስጥ በተግባር የምታገኙት 400 እና ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። በጉዞ ላይ በሲጋራ መለኮሻው ይሞላል። የዚያ ሶኬት ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ስለሆነ ብዙ አይጫንበት፤ 100 ዋት አካባቢ ቢስብ ጥሩ ነው። አብዛኞቹ ሳጥኖችም በዚያው ልክ ነው የሚስቡት። ከአራት ኪሎ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በፈጣን መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂና በባቱ አድርጋችሁ፣ ከልጆች ጋር እየቆማችሁ አራት ሰዓት ብትነዱ 400 ዋት-ሰዓት ገባ ማለት ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ ታብሌት ቢያዩም ሞልቶ ትደርሳላችሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ምሳ የምትበሉበት ሎጅ ወይም ሬስቶራንት ሶኬት ጠይቃችሁ አንድ ጊዜ ሙሉት። ሦስቱን ሌሊት ያደርሳችኋል።

ሳጥኑ ከተወደደባችሁ ሁለተኛው መንገድ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪ (አሲድ የማይጨመርበት፣ የታሸገ) ነው። በ12 ቮልት 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ግን ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች አታውርዱት፤ ስለዚህ 600 ነው የምትቆጥሪው። ቻርጀር፣ ትንሽ ኢንቨርተር፣ ከባትሪው ጫፍ አጠገብ የሚገባ ፊውዝ ይፈልጋል። ፊውዙን «አያስፈልግም» የሚልሽ ኤሌክትሪሻን ካለ ሌላ ፈልጊ። አሲድ የሚጨመርበትን ተራ ባትሪ ግን ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አታስገቢ። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ የሚቀጣጠል ነው።

መርካቶ ስትወጪ ዓይንሽን ክፈቺ። ባትሪ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም። አንድ ቀላል መፈተኛ ልስጥሽ፦ ክብደቱን እዪ። እውነተኛ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የሊድ (የእርሳስ) ባትሪ፣ ጄሉም ጭምር፣ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። አንቺ በአንድ እጅሽ አንጠልጥለሽ ከሄድሽበት 100 አይደለም። ፓወር ባንክም እንደዚያው ነው። የኪስ ቦርሳ የሚያህል ሆኖ 50,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተጻፈበትን ከነሳጥኑ መልሺው። እውነተኛ ባለ 20,000 ፓወር ባንክ በውስጡ 74 ዋት-ሰዓት አለው፣ እጅ ላይም ከበድ ይላል። ታብሌት አንድ ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ለመንገድ አንድ ሁለት ብትይዙ አይከፋም። ያገለገለ ባትሪ በርካሽ ቢያሳዩሽ በቮልት መለኪያ ብቻ አትመኚ። ጭነት ላይ ሳይደረግ 12.6 የሚያሳይ፣ አምፖል ሲሰካበት ወዲያው የሚወድቅ ሞልቷል። እዚያው ሱቁ በር ላይ አንድ ከበድ ያለ መብራት ለግማሽ ሰዓት ያብሩበት፤ ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን አገኘሽ።

ስለ ጄኔሬተሩ ባለቤትሽን በደንብ አነጋግሪው። በክረምት ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው እንደሚገድል እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ከጄኔሬተር ጭስ የሚወጣው ያው ገዳይ ጋዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታም ቀለምም የለውም። ተኝቶ የሚተነፍሰው ልጅ አይነቃም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ዝናብ አለ። ጄኔሬተሩ እንዳይርስ ተብሎ መኪናው ሥር፣ ወይም በሩ አጠገብ ሸራ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ነው ጋዙ በመስኮት የሚገባው። ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ማደርም ከዚህ አይለይም፤ ባትሪ እንሞላለን ብላችሁ ልጆች ተኝተው ሞተር አታስነሱ። የግድ ጄኔሬተር ካላችሁ ቀን ብቻ፣ ከመኪናው ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ዞሮ ይሁን። ግን ለሁለት ታብሌት ጄኔሬተር መጫን ምን ያደርጋል? ድምፁስ? አጠገባችሁ ድንኳን የተከለውም ሰው ሐይቁን ሊሰማ ነው የመጣው።

ሶላር ለዘንድሮው ጉዞ አትቁጠሪ። ጣሪያው ላይ ካለ ይጠቅማል፤ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጠፍጣፋ ተኝቶም ፀሐይ ያገኘዋል። ነገር ግን የነሐሴ ደመና ምርቱን ያወርደዋል። መኪናውን ግራር ጥላ ሥር ካቆማችሁት ደግሞ ጨርሶ ይዳከማል። ለጥቅምትና ለኅዳር ጉዞ ቢሆን ሌላ መልስ እሰጥሽ ነበር።

ከባትሪው ይልቅ አጠቃቀሙ ነው ብዙ የሚያተርፈው። ታብሌቱንና ስልኩን በቀጥታ ከዩኤስቢ ቻርጅ አድርጉ፣ በኢንቨርተር አታዙሩት። 12 ቮልቱን ወደ 220 አውጥቶ፣ በግድግዳ ቻርጀር መልሶ ወደ 5 ቮልት ማውረድ ሁለት ጊዜ ማባከን ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ ምንም ሳይሰካበት በርቶ ካደረ ይበላል። 8 ዋት ቢበላና 8 ሰዓት ቢያድር 64 ዋት-ሰዓት ሄደ፤ አንድ ማታ ፊልም ያሳይ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፤ ይህንንም ለትልቁ ልጅ ስጪው። የቴሌቪዥኑን አዳፕተር ተመልከቺ፤ «አውትፑት 12 ቮልት» የሚል ከሆነ ያለ ኢንቨርተር ከሳጥኑ ባለ 12 ቮልት መውጫ መሥራት ይችል ይሆናል። ሶኬቱና ፖላሪቲው (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጡ) መግጠሙን ኤሌክትሪሻን አይቶ ያረጋግጥልሽ።

ፊልሙን ቤት ሳለሽ በዋይፋይ ጫኚ፣ ወይም በሜሞሪ። መንገድ ላይ በዳታ እናያለን አትበሉ። ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክና ታብሌት ባትሪውን እዚያው ነው የሚጨርሰው፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። የስክሪኑ ብርሃን ግማሽ ላይ ይቀመጥ። ሄድፎኑ ባለ ሽቦ ቢሆን ሌላ ቻርጅ የሚፈልግ ዕቃ አይጨመርም፣ ሹፌሩም በሰላም ይነዳል።

ደግሞ ያሰብሽውን ያህል ስክሪን ላይኖር ይችላል። ላንጋኖ ልጅ የሚዋኝበት ሐይቅ ነው፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ተብሎ ይታወቃል። ዝናብ ካልጣለ ቀኑን ውሃው ዳር ይውላሉ። ታብሌቱ የሚፈለገው በመንገድ፣ ከሰዓት በኋላ ሲዘንብና ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ለዚያ ሰዓት ገበጣ ያዙላቸው። የአምስት ዓመቱ ልጅ እንኳ ጠጠር መቁጠር ይወዳል። አንድ ፊልም፣ ከዚያ ጨለማው ውስጥ ከአባታቸው አንድ ተረት፤ የ5 ዓመቱ ልጅ «የላም በረት» ብሎ ሳይጨርስ ይተኛል።

የምትተኙበት ሰዓት ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ታብሌት ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ቻርጅ አይደረግ። የሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ሊያብጥ፣ እሳትም ሊያነሳ ይችላል። ሁሉም ዕቃ ማታ ከአልጋ ርቆ ማድቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይሰብሰብ፤ የተሞላው ይነቀል። ቀን ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እያየው አይቀር። ላንጋኖ ሞቅ ይላል፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ለሰውም ለባትሪም አይሆንም።

መኪናው ሲሄድ ልጆቹ አልጋ ላይ ተኝተው ፊልም ይዩ የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮ። ቴሌቪዥኑም በጉዞ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወለል ላይ ይታሰር። ፍሬን ሲያዝ የሚወረወረው እሱ ነው።

ከመሄዳችሁ ሳምንት ሲቀረው መኪናውን ግቢያችሁ አስገቡትና አንድ ምሽት እዚያው እደሩበት። ልጆቹ ይደሰታሉ፣ አንቺም ታርፊያለሽ። ቴሌቪዥኑን ክፈቱ፣ ታብሌቱን ሙሉ፣ የምትጠቀሙበትን መብራት ሁሉ አብሩ። ከመተኛታችሁ በፊት የመኪናውን ማስነሻ ባትሪ በቮልት መለኪያ ለኩ፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ደግማችሁ ለኩ። 24 ቮልት ከሆነ 25.2 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 24.4 ሲደርስ ግማሽ ነው፤ ከዚያ በታች ከወረደ ጠዋት መነሳቱ ያጠራጥራል። 12 ቮልት ከሆነ ቁጥሮቹን በሁለት ክፈዪ።

የልጆቹን ዕቃ ከሳጥኑ ብቻ እየሳባችሁ ቁጥሩ አሁንም ከወረደ፣ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ማድቤቱ ውስጥ ፍሪጅ ካለ እሱን ፈልጊ። ወንድምየው ያሠራው ፍሪጅና የውስጥ መብራት ከማስነሻው ባትሪ ላይ ተያይዘው ሊሆን ይችላል። ደውለሽ «ፍሪጁ ከየት ነው የሚስበው?» በዪው። ከማስነሻው ነው ካለሽ ማታ ማታ ፍሪጁን አጥፍታችሁ ሥጋና ወተቱን በረዶ ባለበት ሳጥን ያዙ፤ ራሱ ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ በእሱ ኤሌክትሪሻን ይለይላችሁ። ፍልሰታ እስኪፈታ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ አላችሁ።